ከማማው የሚታየው ጣሪያ

በሰባት ዓመቴ የሰዓት ማማውን ታሪክ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው በከተማው ውስጥ አንድ ብቻ ነበር። እሷም ለዚሁ ሥራ ደመወዝ የሚከፈላት አስጎብኚ ናት።

ሌሎች ልጆች እሑድን የት እንደሚያሳልፉ አላውቅም። እኔ ማማው ላይ ነበር የምውለው። ጠዋት እናቴ ፀጉሬን አጥብቃ ትጎነጉነኝና ከምንኖርበት ፎቅ ታወርደኛለች። አባቴ በሩ አጠገብ ቆሞ ይጠብቀናል። እናቴ «አሥራ አንድ ሰዓት» ትላለች፤ እሱም «አሥራ አንድ ሰዓት» ይላል፤ ከዚያ ሌላ አይነጋገሩም። እንደ ወታደር የይለፍ ቃል የሚለዋወጡ ይመስለኝና ደስ ይለኝ ነበር።

አባቴ ዳቦ ጋጋሪ ነበር። ማታ ገብቶ ሲያቦካና ሲጋግር ያድርና፣ ሲነጋ በጋዜጣ የጠቀለለውን ትኩስ ዳቦ በብብቱ ይዞ በቀጥታ ወደ እኔ ይመጣል። እጁንና ፊቱን ቢታጠብም ዱቄቱ ከቅንድቡና ከጆሮው ሥር አይለቅም።

«አባዬ፣ ዛሬም ሸብተሃል» እለዋለሁ።

«አንቺን ስጠብቅ ነዋ። ምን ላድርግ፣ ቶሎ አትወርጂ!»

ዳቦውን እየቆረስን ጥቂት እንደሄድን ቆም ይልና፣ «እሺ ሚጣዬ፣ ዛሬስ የት እንሂድ?» ይለኛል።

«ማማው!»

«ደግሞ ማማው? እንግዲህ አንቺ ካልሽ ምን እላለሁ።»

ማማውን የምመርጠው እኔ እንደሆንኩ ብዙ ዓመት አምኜ ኖሬያለሁ። ልጅ ይዞ ለሚመጣ ሰው እሑድ መግቢያው በነፃ እንደነበር፣ ዝናብ እንደማያስገባ፣ እዚያ ውስጥ ለረጅም ሰዓት የተቀመጠን ሰው «ምን ልታዘዝ?» ብሎ የሚያስነሣ እንደሌለ ያስተዋልኩት ራሴ ልጅ ይዤ ከተማ ለከተማ መዞር ስጀምር ነው።

ማማው መቶ ሰማንያ ስድስት ደረጃ አለው። መቶ አሥራ ሁለተኛው ላይ ስትደርስ ግድግዳው ይሰፋና አንዲት ክብ ክፍል ታገኛለህ፤ የእሳት ጠባቂው ክፍል ትባላለች። አስጎብኚዋ የምትቀመጠው እዚያ ነው። ሃምሳውን ያለፈች፣ ቀኝ ጉልበቷን የሚያማት ሴት ነበረች። አባቴ እትዬ ስለሚላት እኔም እትዬ እላታለሁ። ጠዋት አንድ ጊዜ ትወጣለች፣ ማታ አንድ ጊዜ ትወርዳለች። «እኔና ፀሐይ አንድ ነን» ትላለች ጎብኚው ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ሲደርስ፣ «ልዩነታችን እሷ ጉልበት የላትም።» ሰዉ ይስቃል። እሷም ሳቁ እስኪያልቅ ጉልበቷን ታሻለች፤ ከዚያ ትጀምራለች።

ከተማው ሁሉ በእንጨት የተሠራ በነበረበት ዘመን እሳት ተነሥቶ ግማሹን በአንድ ቀን በላው። የተረፉት ሰዎች መጀመሪያ የሠሩት የየራሳቸውን ቤት አልነበረም፤ ይህን ማማ ነው። ደወል ለማቅለጥ ከየቤቱ የመዳብ ድስት፣ የበር እጀታ፣ ሚዛን ተለቀመ። ሁለት ጊዜ ቀለጠ፣ ሁለት ጊዜ ተሰነጠቀ። በሦስተኛው ቀና፤ ድምፁ ግን ሻካራ ሆነ። «ለምን ይመስላችኋል?» ብላ ትጠይቃለች አስጎብኚዋ። «አንዷ ሴትዮ መዳብ ነው ብላ ቆርቆሮ ሰጥታ! የማንኛችሁ አያት እንደሆነች አልናገርም።»

ሰዓቱ የተሰቀለው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ከዚያ በፊት በዚህች ክፍል ውስጥ የእሳት ጠባቂው ከሚስቱና ከልጁ ጋር ሠላሳ አንድ ዓመት ኖሯል። ልጅቷ የተወለደችውም እዚሁ ነው፤ ቁመቷ በየዓመቱ የተለካበት ጭረት በመስኮቱ ጎን ድንጋዩ ላይ አለ። ጠባቂው ሌሊት ሌሊት ዓይኑን ከከተማው ላይ አያነሣም። ቀን፣ ሚስቱ በመስኮት ስትቆምለት፣ እሱ ከግድግዳው ጋር በተሠራው የድንጋይ አግዳሚ ላይ ይተኛል። የእያንዳንዱን ቤት ጣሪያ ከነባለቤቱ ስም ያውቃል። አንዳንድ ቀን ወደ ገበያ ሲወርድ ግን ሰላም የሚለው ሰው ማን እንደሆነ አይለይም ነበር። የሰዉን ፊት አያውቀውማ።

ይህን ታሪክ በቀን አምስት ጊዜ፣ አንዳንዴም ስድስት ጊዜ እሰማዋለሁ። አባቴ የድንጋዩ አግዳሚ ላይ ገና ቁጭ ሲል ጀርባውን ለግድግዳው ይሰጥና፣ «እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምሰማው፤ እንደዚያ ሲሆን ይገባኛል። አንቺ ጆሮሽን ጥለሽ ስሚ። ያመለጠኝ ካለ ትነግሪኛለሽ» ይለኛል። እኔም አደራ እንደተሰጠው ሰው ፊት ለፊት እቆማለሁ። አስጎብኚዋ ስለ ጠባቂው መኝታ መናገር ስትጀምር ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች፤ ጎብኚዎቹንም በእጇ ወደ መስኮቱ ትሰበስባቸዋለች። ያ የታሪኩ ክፍል ምሥጢር ስለሆነ ነው ብዬ አስብ ነበር።

ጎብኚዎቹ ቤተሰብ ናቸው፤ እናትና አባት፣ ሁለት ሦስት ልጅ። ከልጆቹ ጋር ቶሎ እግባባለሁ። ጭረቱን አሳያቸዋለሁ፤ ጀርባችንን ለድንጋዩ ሰጥተን እንለካካለን። ከዚያ እናታቸው ትጠራቸዋለች። የደረጃው ጠመዝማዛ መጀመሪያ እግራቸውን፣ ቀጥሎ ትከሻቸውን፣ መጨረሻ ፀጉራቸውን ይውጠዋል፤ ድምፃቸው ግን እየራቀ ለብዙ ጊዜ ይሰማል። የዚያን ጊዜ ጓደኞቼ ሁሉ ሃያ ደቂቃ የሚቆዩ ነበሩ። አንድም ተመልሶ የመጣ አላስታውስም። አንድ ሰው ማማ የሚጎበኘው በዕድሜው አንድ ጊዜ ነው።

አንድ ቀን አንድ ወፍራም ሰውዬ ላቡን እየጠረገ ወደ አባቴ አየና፣ «ይሄ ደግሞ የሚያንኮራፋው ማን ነው? የእሳት ጠባቂው ነው እንዴ?» አለ።

«አዎ» አለች አስጎብኚዋ ፈጠን ብላ፣ «የቀረን እሱ አንዱ ነው። ቀስ በሉ፣ ሌሊቱን ሲጠብቀን ነው ያደረው።»

ሰዉ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ነገሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ግልጽ ሆነልኝ። ሌሊት የማይተኛው፣ ቀን ድንጋዩ ላይ የሚተኛው፣ አስጎብኚዋ ድምፅዋን የምትቀንሰው... ከላያችን ደወሉ ስድስት ጊዜ ሲደወል መስኮቱ ይንቀጠቀጣል፣ ሕፃናት ያለቅሳሉ፤ አባቴ ግን ቅንድቡን እንኳ አያነቃንቅም። ያን ያህል የለመደ ሰው የማማው ሰው ካልሆነ ምን ይሆናል? ዳቦ መጋገሩ ትርፍ ሥራው መሆን አለበት።

ይህን ለማንም አልተናገርኩም። የእሳት ጠባቂ ልጅ መሆኔን ግን ሳምንቱን ሙሉ ትምህርት ቤት፣ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ አስበዋለሁ። ከጎኔ የሚቀመጥ ልጅ ስላልነበረ የምነግረውም አልነበረኝም።

አባቴ ከሰዓት በኋላ ሲነቃ ፊቱን በመዳፉ ያሽና የቀረውን ሰባ አራት ደረጃ አብረን እንወጣለን። ላይኛው ሰገነት ላይ ነፋሱ ጆሮ ያደነቁራል። ከወገቤ ይዞኝ ከተማውን እናያለን።

«ያንተ ቤት የታለ?»

«ያንን የእንጨት መሰንጠቂያውን ጭስ መውጫ አየሽው? ከሱ ወደዚህ ስትመጪ... አሮጌ ጎማ የተጫነበት ቆርቆሮ።»

«አየሁት! ጎማው ለምንድን ነው?»

«ነፋስ ጣሪያውን ይዞት እንዳይሄድ።»

ከጎማው ሌላ ሦስት ድንጋይና እግሩ የተሰበረ ወንበር ነበረበት። በየሳምንቱ በቦታቸው መኖራቸውን አረጋግጣለሁ።

«መቼ ነው የምንሄደው?»

«ቀለም እየተቀባ እኮ ነው።»

«ምን ቀለም?»

«ሰማያዊ።»

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ያንኑ ስጠይቀው «ቢጫ» አለኝ። ስለዚህ ቤቱ ቢያንስ ሁለት ክፍል እንዳለው ተረዳሁ።

ክረምቱ ሊገባ ሲል እናቴ በሌላ ከተማ ሥራ አገኘች። ሻንጣ ከቁም ሣጥን ላይ ወረደ። ስልክ ስታነጋግር በሩን ትዘጋለች፤ «ቤት የት አለውና!» ስትል ግን ከበሩ ውጭም ይሰማል። እኔ በሆዴ፣ እሷ ማማው ላይ ወጥታ ስለማታውቅ ነው፣ አልኩ። አንድ ጊዜ ብትወጣ ጣሪያውን አሳያት ነበር።

በዚያው ሰሞን አባቴ ማማው ላይ እንደ ወትሮው አልተኛም። ጎብኚ በሌለበት ሰዓት ከአስጎብኚዋ ጋር ሲነጋገር እኔ በጭረቶቹ ላይ ጣቴን እየነዳሁ እሰማለሁ።

«ዳቦ ቤቱ ክፍል ይሰጠኛል አላልክም?» አለችው።

«ልጅ ለሚያሳድግ ሠራተኛ ነው የሚሰጡት። የቀን ፈረቃም ይሰጡኛል።»

«ታዲያ ይቺ የማን ናት? የጎረቤት?»

«ልጅቷ ካንተ ጋር ናት የሚል ወረቀት አምጣ ይሉኛል። ወረቀቱን የሚጽፉት ሰዎች ደግሞ መጀመሪያ ቤት አሳየን ይላሉ።»

አስጎብኚዋ ጉልበቷን አሻሸችና፣ «እንግዲህ ወንድሜ፣ አንተን መሃል አድርገው እስኪደክማቸው ይቀባበሉሃል» አለች።

አባቴ ወደ እኔ መጥቶ ተንበረከከ። «ረቡዕ አንዲት ሴትዮ ቢሮዋ ጠርታ ትጠይቅሻለች። ከእኔ ጋር መቅረት ትፈልጊ እንደሆነ... ብቻ እንዳትፈሪ። የምታውቂውን ንገሪያት።»

የምታውቀውን! እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው። ታሪኩን በደንብ ከተናገርኩ ከአባቴ ጋር እቀራለሁ፤ ከተሳሳትኩ ከእናቴ ጋር እሄዳለሁ፤ ፈተናው ይኼው ነው። ሰኞና ማክሰኞ ከብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ ቃል በቃል አጠናሁ። ሦስተኛው ማቅለጥ፣ ቆርቆሮዋ፣ ሠላሳ አንዱ ዓመት።

ቢሮው ረጅም ኮሪደር አለው። አባቴ በአግዳሚው አንድ ጫፍ፣ እናቴ በሌላው ጫፍ ተቀመጡ። አባቴ የለበሰው ኮት እጅጌው ጣቱን ይሸፍነዋል፤ የማን እንደሆነ አላውቅም። ሴትዮዋ ወጣት ናት፤ ለስላሳ ድምፅ አላት። ወረቀትና ባለቀለም እርሳስ ሰጠችኝና፣ «የአባትሽን ቤት ትሥይልኛለሽ?» አለችኝ።

ደስ አለኝ። ታሪኩ ላይ ሳልደርስ አንድ ጥያቄ አወቅሁ። አራት ማዕዘን ሠራሁ፤ መሃሉ ላይ ክብ፤ ሦስት ድንጋይ፤ ወንበሩን ከነስብራቱ። ሴትዮዋ ወረቀቱን አንድ ጊዜ ወደዚህ፣ አንድ ጊዜ ወደዚያ አዞረችው።

«በሩ የታለ?»

«በሩ አይታይም።»

«መስኮትስ?»

«እሱም አይታይም። ከላይ እኮ ነው። እኔ የማውቀው ከላይ ነው።»

«ውስጡስ ምን ይመስላል?»

«አልገባንም። ቀለሙ አልደረቀም። አንዱ ክፍል ሰማያዊ ነው፣ አንዱ ቢጫ።»

«መቼ ነው መቀባት የጀመረው?»

«አምና።»

ጻፈች። ከዚያ አባቴ ተኝቶ አይቼ እንደማውቅ ጠየቀችኝ።

«ሁልጊዜ! ማማው ላይ ድንጋዩ ላይ ነው የሚተኛው። ሰው እንዳይቀሰቅሰው እትዬ ትጠብቀዋለች።»

«እሱ ሲተኛ አንቺስ ምን ታደርጊያለሽ?»

«እሰማለሁ» አልኩና መነሣት ሳያስፈልገኝ ተነሥቼ ቆምኩ። እጄን ወደ ኋላ አድርጌ ታሪኩን ከእሳቱ ጀመርኩ። ስለ ቆርቆሮዋ ሴትዮ ስደርስ ለሳቅ የሚሆን ጊዜ ሰጠኋት፤ አልሳቀችም። አላቋረጠችኝምም። መጨረሻ ላይ፣ «አሁን የቀረው አንድ ጠባቂ ነው፤ እሱም አባቴ ነው» አልኩ። ይህች የራሴ ጭማሪ ነበረች። ሴትዮዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች፤ እንድቀመጥ እንኳ ሳትነግረኝ ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ሙሉ ውጤት ያገኘሁ መሰለኝ።

እየሮጥኩ ወጣሁ። «አባዬ፣ ሁሉንም መለስኩ! ቤትህንም ሣልኩላት!»

«ቤቴን?»

«ጎማው ሳይቀር!»

አባቴ የኮቱን እጅጌ ወደ ላይ ሰበሰበ፤ ተመልሶ ወረደ። «ጎበዝ» አለኝ። «ጎበዝ የኔ ልጅ።» እናቴ ከዚያኛው ጫፍ ተነሥታ ወደ እሱ አንድ እርምጃ መጣች። አፏን ከፈት አድርጋ ነበር፤ ምን ልትል እንደነበረ ግን እስከ ዛሬ አልነገረችኝም።

አባቴ ካረፈ በኋላ ከመታወቂያዎቹ ጋር በላስቲክ የተጠቀለለ፣ ከእናቴ ጋር እንድሄድ የተወሰነበትን የዚያን ጊዜ ውሳኔ ቅጂ አገኘሁ። «ሕፃኗ የአባቷን መኖሪያ ከከፍታ ሆና ከማየት በቀር ገብታ እንደማታውቅ፣ አባትም በጉብኝት ሰዓት በሕዝብ መገልገያ ቦታ እንደሚተኛ ያለ ምንም ጫና ገልጻለች» ይላል። «የሠራችው ሥዕል ተያይዟል» ይላል። ሥዕሉ የለም። ቅጂው ላይ ያልተያያዘ ይሁን፣ እሱ ነጥሎ ሌላ ቦታ አስቀምጦት ይሁን አላውቅም። ዕቃው ጥቂት ስለነበር ብዙ አልፈለግሁም።

ከእናቴ ጋር ከመሄዴ በፊት የነበረችው የመጨረሻዋ እሑድ ዝናባማ ነበረች። አባቴ የት እንሂድ ብሎ አልጠየቀኝም። በገበያው ጀርባ፣ በእንጨት መሰንጠቂያው አጥር ሥር ይዞኝ ሄደና በአንድ ረጅም የቆርቆሮ ቤት ላይ ከተደረደሩት በሮች አንዱን አንኳኳ። የገዛ ቤቱን ማንኳኳቱ ገረመኝ።

በሩን የከፈተው ካናቴራ የለበሰ፣ ጥፍሩ በግራሶ የጠቆረ መካኒክ ነው። ክፍሉ አንድ አልጋና አንድ ሣጥን ብቻ ይዞ ሞልቷል። ግድግዳው ጭቃ እንጂ ሰማያዊም ቢጫም አይደለም። አልጋው ላይ አሁን የተነሣ ሰው ቅርጽ አለ።

«መጣችሁ?» አለ መካኒኩ። ብርድ ልብሱን አራገፈ፣ ትራሱን ገለበጠ። «ነይ እመቤት፣ ግቢ። አባትሽ ስለ አንቺ ሲያወራ ጆሮዬን ነው ያደነቆረኝ።»

«ሰማያዊው ክፍል የታለ?» አልኩ።

አባቴ ወለሉን አየ። መካኒኩ ግን አንድ አፍታም አላመነታም። «ሰማያዊው? አንቺ፣ እሱማ ገና እርጥብ ነው! ዛሬ ከነካሽው እናትሽ በሳሙና ትጨርስሻለች።»

አላመንኩትም። ይህ ሰው የአባቴን አልጋ ቀምቶታል፤ አባቴ ድንጋይ ላይ የሚተኛው በሱ ምክንያት ነው ብዬ ፊቴን አዞርኩበት። ሰላም እንድለው አባቴ ቢለምነኝም አሻፈረኝ አልኩ። አልጋው ግን፣ ኋላ እንደገባኝ፣ የሁለቱ ነበር። መካኒኩ ቀን ጋራዥ እየሠራ ሌሊት ይተኛበታል፤ አባቴ ሌሊት እየጋገረ ቀን ይተኛበታል። እሑድ የመካኒኩ የዕረፍት ቀን ስለሆነ አልጋው ቀኑን ሙሉ የሱ ነው። በሳምንት ውስጥ እስኪጠግብ መተኛት የሚችለው ያን ቀን ብቻ ነበር።

«ትንሽ ጋደም በይ» አለኝ አባቴ።

«እንቅልፌ አልመጣም።»

«ቢሆንም። ለእኔ ብለሽ።»

ጫማዬን ፈታልኝ። ሁለቱም ወጡና በሩን ገርበብ አድርገው፣ ከጣሪያው ጠርዝ በታች ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው ቆሙ። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይወርዳል። በመካከሉ ንግግራቸው ይሰማኛል።

«ብትነግረኝ ኖሮ ለዚያች ሳምንት እለቅልህ ነበር» አለ መካኒኩ። «ሰዎቹ መጥተው አይተው ይሄዱ ነበር።»

«ለቅቀህ የት ልትገባ?»

«ጋራዥ ውስጥ መኪና ሞልቶ የለ? ከኋላ ወንበሩ ላይ እጠቀለላለሁ።»

«እሷ እኮ የዋሸችው ነገር የለም» አለ አባቴ። «የምታውቂውን ንገሪ ያልኳት እኔ ነኝ።»

ማን እንደዋሸና ማን እንዳልዋሸ ለማወቅ ጆሮዬን አቀናሁ። ከዚያ በኋላ ግን የሰማሁት ዝናቡን ብቻ ነው፤ ብርድ ልብሱ ውስጥ ሙቀቱ ገና አልወጣም ነበር።

አባቴ በትከሻዬ ነክቶ ሲቀሰቅሰኝ አሥር ሰዓት አልፏል። የሁለቱም ሱሪ እስከ ጉልበቱ ርሷል።

«ተኛሽ?» አለኝ።

«ተኛሁ።»

«የምርሽን? በደንብ?»

«በደንብ። ሕልምም አየሁ።»

አባቴ ቀና አለና በሩ ላይ ወደቆመው መካኒክ ዞረ። እንዲህ ቀጥ ብሎ ቆሞ አይቼው አላውቅም። «ቤቴ ተኛች» አለው። «አይተሃል አይደል?»

«አይቻለሁ» አለ መካኒኩ። «ሦስት ሰዓት ሙሉ። ማንም ቢጠይቀኝ ቆሜ እመሰክራለሁ።»

ማንም አልጠየቀውም።